ያቺ የጥር 16 ጠብታ

አማቴ በጣታቸው ሲቆጥሩ አየኋቸው። ቶናው ተቀድቷል። ጾም ስለሆነ ቡናው የቀረበው ከቆሎ ጋር ብቻ ነው። «የመውለጃ ቀንሽን መቼ አሉሽ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። «ጥቅምት 21» አልኳቸው፤ ጤና ጣቢያ የሰጡኝን ካርድ እንደ ዲግሪ ከፍ አድርጌ እያሳየሁ። ዝም አሉ። ከዚያ አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ መሄድ ጀመረች። ጥቅምት፣ መስከረም፣ ነሐሴ እያለች ወደ ኋላ። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፤ አምስቱ ቀን ጳጉሜ ናት። የትኛዋም የአገሬ እናት ያለ ካልኩሌተር የምትሠራው ስሌት ነው። ጣቲቱ ጥር 21 ላይ ስትደርስ ቆመች።

ጥር 21 ደግሞ ተራ ቀን አይደለችም፣ አስተርእዮ ማርያም ናት። አጋሮ እሳቸው ቤት በየዓመቱ ዝክር አለ፣ በዚያ ዓመት ደግሞ ልጃቸው አልመጣም ብለው ሳምንት ሙሉ አኩርፈው ነበር። ልጃቸው፣ ማለትም ባለቤቴ፣ ሚዛን ተፈሪ አካባቢ የመንገድ ሥራ ላይ ነው። ለገና መጥቶ ጥር 6 ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጅማን የረገጠው ለዓድዋ በዓል፣ የካቲት 23 ነው።

«ጥር ማርያም እሱ እዚህ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ድምፃቸው ያው የተለመደው ነው። ቡናቸውን ፉት አሉ።

«ኧረ አልነበረም» አልኩ፣ እንደ ሞኝ፣ ስለምን እንደሚያወሩ እንኳ ሳይገባኝ። የገባኝ ሲኒዎቹን ሳጥብ ነው። እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ግን «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ሲባል ያደጉ ሴት ናቸው። ቁጥሩ ደግሞ አልዋሸም፤ ቢያንስ እሳቸው ዘንድ። ይህ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ያቺ አውራ ጣት ግን አንዳንድ ሌሊት አሁንም ትቆጥርብኛለች። ከሁሉ የሚያናድደኝ ቁጥሩን የሰጠኋቸው እኔው ራሴ መሆኔ ነው።

ነጭ ቀሚስ

ጥር የሰርግ ወር ነው። ጥር 16 የማስተምርበት ትምህርት ቤት ባልደረባዬ እህቷን ትድር ነበር። እኛ አስተማሪዎች ነጭ የሀበሻ ቀሚስ አንድ ዓይነት ጥለት አሰፍተን፣ ከሰርገኛው በላይ ተጨንቀን ነበር። ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። የምንኖረው አራት ቤተሰብ ባለበት ግቢ ነው፣ ሽንት ቤቱም የጋራ ነው። በስልኬ መብራት ገባሁ።

ሶፍቱ ላይ የሆነ ነገር አየሁ። ደም ለማለት ይከብዳል። ቡኒ ነው። ሲኒ ታጥቦ መጨረሻ ላይ ሲደፋ ከስር የምትወርደውን የቡና አተላ አይታችኋል አይደል? እሷን ነው የሚመስለው። ጠርዙ ላይ ብቻ ሮዝ ነገር ነበረው። ስፋቱ የአውራ ጣት ጥፍር አያክልም።

የመጀመሪያ ሐሳቤ «ወይኔ ቀሚሴ!» የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «ሁለት ቀን ቀድሞ መጣ» የሚል። ያለፈው የመጣው ታኅሣሥ 20 ነው፣ በ28 ቀን ስለሚመላለስ የምጠብቀው ጥር 18 ነበር። ሁለት ቀን ምን አላት። ሞዴስ አድርጌ፣ ለመጠባበቂያ ሌላ ሁለት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሰርግ ሄድኩ። በላሁ፣ ጨፈርኩ፣ ነጭ ቀሚሴን በየግማሽ ሰዓቱ ከኋላ «እዪልኝ እስቲ» እያልኩ ጓደኞቼን አሰለቸሁ። ማታ ቤት ስገባ ሞዴሱ ላይ ያለችው ያቺው የጠዋቷ የምታክል ነጥብ ናት።

በማግስቱ ትንሽ ታየኝ። ከሰዓት በኋላ ጠፋ። አለቀ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሞዴስ በዚህ ዋጋው አንድ ቀን ተኩል ብቻ ቆይቶ የሚሄድ የወር አበባ የሚጠላ ማን ነው? ሆዴን አልቆረጠኝም፣ ወገቤ አልተያዘም። ለወትሮው የመጀመሪያውን ቀን በትኩስ ውሃ ፕላስቲክ ታቅፌ ነው የማሳልፈው። ይህ ሁሉ አለመኖሩ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር። አልነገረኝም። አልሰማሁትም ብል ይሻላል።

ምክንያትም ነበረኝ። ከዚያ ቀደም ብሎ ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ የሚወሰደውን የወሊድ መከላከያ መርፌ እወስድ ነበር። መርፌውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንዷን ጭራሽ ያስቀርባታል፣ ሌላዋን በየሰሞኑ ጠብ ጠብ እያደረገ ያስለቅሳታል። እኔ የሁለተኛው ወገን ነበርኩ። ቡኒ ነጠብጣብ ለእኔ ዜና አልነበረም። መርፌውን ካቆምኩ በኋላም እስኪስተካከል ወራት ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ያቺን ጠብታ ሳይ «ደግሞ ጀመረኝ» ከማለት አላለፍኩም። የግድግዳው ካሌንደር ላይ ጥር 16ን በቀይ እስክሪብቶ ከበብኳት።

ያቺ ቀይ ክብ ናት ጣጣ ያመጣችው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ

የካቲት 14 መምጣት የነበረበት አልመጣም። ሳምንት ያህል ጠበቅኩ። የካቲት 20 ከመድኃኒት ቤት የእርግዝና መመርመሪያዋን ገዝቼ፣ በጠዋት ሽንት ሞከርኩ። ሁለት መስመር። ሁለተኛዋ መስመር ከመጀመሪያዋ ትደምቃለች። «ገና በአምስተኛ ሳምንት እንዲህ ይደምቃል እንዴ?» ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ደስታ ጥያቄ አያስጠይቅም።

የካቲት 27 ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ካርዱን አወጣች። ስም፣ ዕድሜ፣ ስንተኛ እርግዝና። ከዚያ ያቺ የታወቀች ጥያቄ መጣች፤ «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?»

«ጥር 16።» ሳላስብ፣ ሳልንተባተብ። ነርሷም ወደደችኝ መሰለኝ። ከፊቴ የነበረችው ሴት «ከጥምቀት በፊት ይመስለኛል፣ ወይም በኋላ» ስትል ቆይታ ነበርና። ነርሷ ዘጠኝ ወር ወደ ፊት ቆጠረች፣ ጥቅምት 16 ደረሰች። መሃል ላይ ጳጉሜ ስላለች አምስት ቀን ጨመረች፤ ጳጉሜ ባትኖር አሥር ትጨምር ነበር። ሁለቱም 280 ቀን እንዲሞላ ነው። ጥቅምት 21 ብላ ጻፈች። አይረንና ፎሊክ አሲድ ሰጠችኝ፣ አልትራሳውንድ እንድነሳም ነገረችኝ።

የእሷ ሥራ ልክ ነበር። የተሳሳተው ያቀበልኳት ቀን ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ካርድ ላይ ከተጻፈ ደግሞ ከአፋፍም ይብሳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የአማቴ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀንና የነርሷ ስሌት አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። አማቴ የሚነሱት ከተፀነሰበት ሌሊት ነው። ጤና ጣቢያው የሚነሳው ከወር አበባው የመጀመሪያ ቀን ነው፣ ማለትም ከፅንሱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ፣ ምንም ባልነበረበት ቀን። በጤና ጣቢያው መንገድ ብንሄድ እንዲያውም የእኔ ፅንስ የሚወድቀው ጥር 30 ገደማ ላይ ነው። በየትኛውም ብትሄዱ ባለቤቴ ሚዛን ነው። ጥር 21ም ሚዛን፣ ጥር 30ም ሚዛን።

ጨለማው ክፍል

አማቴ የቆጠሩት መጋቢት 9 ነው። በማግስቱ ጠዋት ወደ አጋሮ ተመለሱ፣ ስመው ተሰናበቱኝ፣ ግን ጉንጬን እንጂ ዓይኔን አላዩም። ማታ ባለቤቴ ደወለ። «ድምፅሽ ምን ሆነ?» አለኝ። «ጉንፋን» አልኩት። እናቱ ደውለውለት ይሁን አይሁን ከድምፁ ልለይ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። እስከ ዛሬም አልጠየቅኩትም።

ያን ሌሊት የሆንኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል። ከእሱ ሌላ ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግን ቁጥር ሰውን እንዴት እንደሚያሸንፈው ያን ሌሊት አየሁ። ጨለማ ውስጥ ጋደም ብዬ ራሴን መመርመር ጀመርኩ። ሰርጉ ላይ ጠላ ጠጥቻለሁ፣ ማን ሸኘኝ? ሁለት አስተማሪዎች፣ ሁለቱም ሴቶች። እና? የት ነበርኩ? ምን የማላስታውሰው ነገር አለ? ካርዱ እውነት ከሆነ እኔ ውሸት ነኝ። ካርዱ ውሸት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣልኝም። ማኅተም ያለበት ነገር ነዋ።

መጋቢት 11 ሲነጋ ባጃጅ ይዤ አልትራሳውንድ ወደሚያነሳ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ለማስፈቀድ ለትምህርት ቤቱ «አሞኛል» አልኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መጋረጃው ወፍራም፣ ጨለማ። ዶክተሯ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። ካርዴን አየች፣ በጣቷ አሰላች፣ «ስምንት ሳምንት ሊሞላሽ ነው፣ ገና የባቄላ ፍሬ ነው የምናየው» አለችኝ። ቀዝቃዛውን ጄል ሆዴ ላይ አደረገች።

ከዚያ ዝም አለች።

የሐኪም ዝምታ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። መሣሪያውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረገች። የሆነ ነገር ለካች፣ አጠፋች፣ እንደገና ለካች። እኔ ስክሪኑን በግማሽ ዓይን ነው የማየው። በአእምሮዬ «የለም» ልትለኝ ነው።

«ቀንሽን እርግጠኛ ነሽ?»

«ጥር 16 ነው ዶክተር። ጽፌዋለሁ።»

«ነይ እዪው» ብላ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ባቄላ አልነበረም። ጭንቅላት አለው። ሆድ አለው። እጁን፣ በእግዚአብሔር፣ እጁን አነሳ። «ይህ አምስት ሴንቲሜትር ሊሞላ ነው፣ 4.8። በስምንት ሳምንት ቢሆን አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ነበር የሚሆነው። አንቺ 11 ሳምንት ከአራት ቀን አካባቢ ነሽ።» አለች። ከዚያ የአማቴን ያህል በቀስታ፣ ግን በሌላ ድምፅ፣ ወደ ኋላ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ከጥር 16 በፊት ያለውስ መቼ መጣ?»

«ታኅሣሥ 20።»

«ያኛው እንዴት ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው። አራት ቀን። ሆዴን ቆርጦኝ።»

«የጥር 16ቱስ?»

መልሱን ጀምሬ መሃል ላይ ቆምኩ። «አንድ ቀን ተኩል። ቡኒ ነገር። ሞዴስ እንኳ…» እና ሳቄ መጣ። ሳቅ ነው ልቅሶ አላውቅም። ዶክተሯም ፈገግ አለች። «እሱማ ወር አበባ አልነበረም። ያኔ አርግዘሽ ነበር» አለች። እንዲህ ቀለል አድርጋ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቀኝ ያደረውን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር።

ጥቅምት 21ን ሰርዛ መስከረም 25 ጻፈች። ከታኅሣሥ 20 ሁለት ሳምንት ብትቆጥሩ ጥር 4 ትደርሳላችሁ። ጥር 4 ባለቤቴ ጅማ ነው። ከእኔ ጋር ነው። ማታ ለእራት የሠራሁትን ሽሮ ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ከክሊኒኩ ስወጣ ሌሊት ዘንቦ ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ ያለች የቡና ዛፍ ነጭ ለብሳለች። ቡና ሲያብብ ያሸተተ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። አጥሩን ተደግፌ ትንሽ ቆምኩ።

ሁለቱንም «አየሁ» ነው የምንለው

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። የምታገኙት ማብራሪያ በየቦታው አንድ ነው። የተፀነሰው እንቁላል ወደ ማህፀን ወርዶ ግድግዳው ላይ ሲቀበር ትንንሽ የደም ሥሮች ይነካሉ፣ ጠብታዋ የዚያ ናት ይላል። ደስ የሚል ማብራሪያ ነው፣ ልክ ፅንሱ «ደርሻለሁ» ብሎ በር እንዳንኳኳ።

ግን ነገሩ እንደዚያ የተጣራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሴቶች በየቀኑ ሽንታቸውን እያጠራቀሙና ያዩትን እየመዘገቡ የተከታተላቸው ጥናት አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ክፍል እንደሚለው፣ ፅንሱ ማህፀን ላይ የሚቀበረው እንቁላል ከወጣ ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ8ኛው፣ በ9ኛው ወይም በ10ኛው ቀን። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ደግሞ ከ151 ነፍሰ ጡሮች 14ቱ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ቢያንስ ለአንድ ቀን ደም ማየታቸውን መዝግቧል። ታዲያ ያዩት ፅንሱ በተቀበረበት ዕለት አልነበረም፣ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር። ብዙዎቹ ያዩት የወር አበባቸውን በሚጠብቁበት ሰሞን ነው። ከ14ቱ 12ቱ በሰላም ወልደዋል።

«የሚጠብቁበት ሰሞን» የምትለዋን ሐረግ ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ተንኮሉ እሱ ነው። በወሩ መሃል ቢመጣ ኖሮ «ይህ ምንድነው?» እል ነበር። ልክ ጠብቀሽው በር ከፍተሽ በቆምሽበት ሰዓት ሌላ እንግዳ ሲገባ ማን ፊቱን ያያል?

ያኔ ብመረመርስ ኖሮ እላለሁ። ምናልባት አንድ መስመር ብቻ አይቼ «አይደለም» እል ነበር። መመርመሪያዋ የምትፈልገው ሆርሞን ፅንሱ ከተቀበረ በኋላ ነው መመረት የሚጀምረው፣ በየሁለት በየሦስት ቀኑ እጥፍ እየሆነ ይጨምራል። ስለዚህ በጠብታዋ ዕለት ገና ላይታይ ይችላል። ወር አበባው ከሚጠበቅበት ቀን ካለፈ በኋላ፣ በጠዋት የመጀመሪያ ሽንት፣ ያን ጊዜ ነው የምታስተማምነው። አንድ መስመር አይታ «አይደለም» ያለች በሳምንቱ ብትደግመው አይከፋም።

ደግሞ ቋንቋችን አላገዘኝም። ወር አበባ ሲመጣ «አየሁ» እንላለን። ጠብታም ስናይ «አየሁ» እንላለን። ስንት፣ ምን ቀለም፣ ስንት ቀን የሚል ጥያቄ ማንም አያስከትልም፣ ነውር ነዋ። ይህን ለግቢያችን ትልቅ ሴት ስነግራቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እኔ ደግሞ በሁለተኛው ልጄ ሁለት ወር አይቻለሁ፣ አንቺ አታውቂም ነበር?» ኧረ ከየት አባቴ ልወቀው እማማ! በየቀኑ አብረን ቡና እንጠጣለን። የስንዴ ዋጋ፣ የመብራት መጥፋት፣ የሰው ልጅ ትዳር ሳይቀር ሁሉም ይወራል፣ ይህቺ ግን አንድም ቀን አልተነሳችም። እናቶቻችን ያውቁ ነበር። የሚነግሩን ግን ከደረሰብን በኋላ ነው።

መሳሳቴ ደግሞ የአማቴ ጣት ብቻ አይደለም ያስከፈለኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ አምስተኛ ሳምንቴን ጨርሼ ስድስተኛውን ልይዝ ነው ብዬ ነበር፣ ለካ ዘጠኝ አልፎኛል። ፎሊክ አሲድ በዋናነት የሚፈለገው ገና ከመፀነስ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ የልጁ ነርቭ መስመር፣ ኋላ አንጎሉና ኅብለ ሰረሰሩ የሚሆነው፣ ሳይዘጋ ነው፣ መስመሩ ደግሞ በተፀነሰ በአንድ ወር ገደማ ይዘጋል። እኔ የመጀመሪያዋን ኪኒን ስውጥ እሱ ተዘግቶ ነበር። በመሃሉም «ወር አበባዬ መጥቷል» ብዬ ለጥርሴ ያገኘሁትን ማስታገሻ ስቅም ከርሜያለሁ። ዶክተሯ ስሙን ጠይቃ «አታስቢ» አለችኝ። እኔ ግን ልጁ ተወልዶ ጀርባውን በጣቴ እስክዳብስ ድረስ አስቤያለሁ።

«ትንሽ ናት»

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበች እህት «እንግዲህ ጠብታ ምንም አይደለም ማለት ነው» ብላ እንድትዘጋው አልፈልግም። ስለዚህ የባልደረባዬን ነገር ልጨምር፣ ፈቅዳልኛለች።

እሷም ጠብታ ነበር ያየችው። ከእኔ ትንሽ ጠቆር ያለ፣ መጣ ሄድ የሚል፣ ለአራት አምስት ቀን። መመርመሪያዋ ሁለት መስመር አሳይታታለች። ሁላችንም «ትንሽ ናት፣ እኔም አይቻለሁ» አልናት፣ እኔ በተለይ፣ አዲስ አዋቂ ሆኜ። በግራ ጎኗ ይወጋት ነበር፣ ጨጓራ ነው አለች። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጣ «ትከሻዬን ምን ነካብኝ» ስትል ሰማኋት። አስታውሳለሁ፣ «ቦርዱ ላይ ብዙ ጽፈሽ ነው» ብዬ ሳቅኩ። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ውስጥ ራሷን ሳተች።

እርግዝናው ማህፀን ውስጥ አልነበረም፣ ቱቦው ላይ ነበር። ቱቦው ፈንድቶ ደሙ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሆዷ ይፈስ ነበር። ውጪ የሚታየው ያቺ ጠብታ ብቻ ናት። ትከሻዋን ያመማት የፈሰሰው ደም ከሆድና ከደረት መሃል ያለውን ስስ ጡንቻ ስለነካው ነው፣ ሕመሙ ትከሻ ላይ ነው የሚሰማው። በዚያው ማታ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ተረፈች። ከ100 እርግዝና አንዱ ወይም ሁለቱ እንዲህ ይሆናል አሉን። ትንሽ ቁጥር ነው። ባጃጁ ውስጥ አብሬያት ስለነበርኩ ለእኔ ትንሽ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ደሙ ትንሽ ነው ወይ ብዬ አልጀምርም። ሌላ ምን አለ እላለሁ። ባንድ ጎን የሚወጋ ሕመም፣ ማዞር፣ ትከሻ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ከሆነ ቡናው ይቅር፣ ባጃጅ ጥሪ። እነዚህ ባይኖሩም፣ እርጉዝ መሆንሽን አውቀሽ ደም ካየሽ ታዪ። ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ15 እስከ 25 የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደም ያያሉ፣ ብዙዎቹ እርግዝናቸው ይቀጥላል። የአንዳንዶቹ ጽንስ ይጨነግፋል። ሽንት ቤት ቁጭ ብለሽ በስልክ መብራት የትኛዋ እንደሆንሽ መለየት አትችዪም፣ እኔ ሞክሬ አይታችሁኛል።

የደም ዓይነትሽንም እወቂ። አያቶቻችን ሾተላይ የሚሉት፣ ልጅ እየተፀነሰ የማይበረክትላት ሴት ታሪክ፣ አንዳንድ ጊዜ ከጀርባው ያለው የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ነው። የእናት ደም ኔጌቲቭ ሆኖ የልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ማለት ነው። ለዚህ መርፌ አለ፣ ግን በጊዜው ነው። ኔጌቲቭ የሆነች ሴት በእርግዝና ደም ካየች ይህንን ለሐኪሙ ቀድማ መንገር አለባት። እኔ ኦ ፖዘቲቭ ነኝ። ዶክተሯ ስትጠይቀኝ አላውቀውም ነበር።

ማር

ለባለቤቴ የነገርኩት ያኑ ዕለት ነው፣ ከአጥሩ ስር ቆሜ። ሁሉንም አይደለም። «ቀኑ ተሳስቶ ነበር፣ መስከረም 25 ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ለእናቴ ልንገራት?» አለ። ያቺ ጥያቄው ናት እንግዲህ ሌሊት የምታነቃኝ። ደስ ብሎት ነው? ወይስ ያውቅ ነበር?

በሦስተኛው ቀን ከአጋሮ በሚኒባስ ማር መጣልኝ። ነጭ ማር፣ አምስት ኪሎ፣ ክዳኑ በፌስታል ሁለቴ የታሰረ። ሹፌሩ «እናትሽ ናቸው የላኩት» አለኝ። አማቴ ይቅርታ አላሉኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ምን ብለው ነው የሚሉት? ምንም አልተናገሩማ። የቆጠሩት በጣታቸው ነው። ማሩን በላሁት። ጥሩ ማር ነበር።

ግን ልናደድ ስፈልግ የምናደደው በዚህ ነው። እኔ «ልጁ የልጅዎ ነው» ብዬ ብምል የማይሰጠኝን፣ አንዲት ወረቀት ላይ የታተመች ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሰጠችኝ። ባትኖር ኖሮስ? አልትራሳውንድ የሌለበት ገጠር ያለችው፣ ባሏ ለቡና ለቀማ ወይም ለቀን ሥራ ርቆ የሄደባት፣ ወር አበባ መስሏት ያቺን ጠብታ የቆጠረችው ሴትስ? ስንቷ በማታውቀው ጠብታ ተፈርዶባታል ብዬ አስባለሁ።

ልጄ የተወለደው መስከረም 19 ነው፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ከትክክለኛው ቀን ስድስት ቀን ብቻ ቀድሞ መጣ። በመጀመሪያው ካርድ ቢሄድ ኖሮ ከወር በላይ ያለ ቀኑ የመጣ ይባል ነበር፣ እና ያን ያህል የፈረጠመ «የስምንት ወር ልጅ» ያየ ጎረቤት ሁሉ ጣቱን ያወጣ ነበር። አማቴ ለአራስነቴ መጥተው አንድ ወር ተቀመጡ። ገንፎውን ያገነፉልኝ እሳቸው ናቸው። እስኪላብ ያማስሉታል፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤውን ያፈሳሉ፣ እስክጨርስ ከአልጋው ጫፍ አይነሱም። አንድ ቀን ማንኪያዬን አቁሜ ገንፎውን ሳየው አዩኝ። «ምን አገኘሽ ልጄ?» አሉ። «ምንም» አልኩ።

አሁን ካሌንደሬ ላይ ሁለት ነገር አስቀምጣለሁ። የታወቀውን፣ አራት ቀን ቆይቶ ሆዴን የሚቆርጠኝን፣ በቀይ እስክሪብቶ እከባለሁ። ሌላ ነገር ካየሁ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ፣ ከጎኑ «ቡኒ» ወይም «ግማሽ ቀን» ብዬ። ባለፈው ባለቤቴ መጥቶ «ይቺ የጥያቄ ምልክት ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቆሞ አነበበው፣ እያንዳንዱን ወር። እርሳሱን ግን አሁን በየጊዜው እየፈለግኩ አጣዋለሁ። በገመድ ከካሌንደሩ ጋር አስሬው ነበር። ልጄ ወንበር ገፍቶ ደርሶበት ጫፉን አኝኮታል።